የውቤ የክርስትና ስም

አያ ውቤ የሞቱት በ1972 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ በስንት እንዳለፈ እሳቸውም በውል አያውቁትም ነበር። ሥራ ይዘው በተቀመጡበት በገሳይ ሕመም ጠናባቸውና በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። ከቤታቸው ሦስት ቀን ተኙ። በአራተኛው ጎሕ ሲቀድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቀሩ።

መንደራቸው ከደብረ ታቦር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አገሬው ሁሉ መጣ። ታላቅ ልጃቸው ገሰሰ ሬሳውን አብሮ ገነዘ፤ ቃሬዛውንም ተሸከመ። እንባ ግን አልወጣውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ቄስ ማሩ መስቀላቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ስመ ክርስትናቸውን ማን ልበል?»

ገሰሰ ቃሬዛውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

አርባ አምስት ዓመት አባቴ ሲላቸው ኖሯል። ሌላው ሰው ሲጠራቸውም ሰምቷል። ይፋግ ላይ ውቤ ጫኝ ነበሩ፤ እብናት ላይ ውቤ ነገረ ፈጅ። ደብረ ታቦር ግንበኛው ውቤ ይላቸዋል። በመንደሩ ደግሞ እጁ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሁሉ ወጌሻው እያለ ይመጣባቸዋል። በክርስትና ስማቸው የጠራቸው ሰው ግን ትዝ አይለውም። እናቱን ደሳለችን ያገቡት በሰማንያ ነው እንጂ በቁርባን አይደለም፤ እሷም ስማቸው ቄስ ፊት ሲጠራ አልሰማችም። የንስሐ አባታቸው ካቻምና አርፈዋል።

ሰው ሁሉ ያየዋል። ታላቅ ልጅ የአባቱን ስም አያውቅም ሊባል ነው። አባቱ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ማኅበር ይጠጡ እንደነበር ታወሰው።

«ኃይለ ሚካኤል» አለ።

ቄስ ማሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። «ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ሚካኤል» እያሉ ፈቱ። አያ ውቤ ተቀበሩ።

በሰልስቱ አንድ ሽማግሌ ከይፋግ መጡ። ይርጋ ይባላሉ፤ በጎልማሳነታቸው ከአያ ውቤ ጋር አብረው በቅሎ የነዱ ናቸው። ጥጉን ይዘው ተቀመጡ፤ የቄሱን ጸሎት ጆሮአቸውን ቀስረው ሰሙ። ቄሱ ሲወጡ ገሰሰን በጣታቸው ጠቀሱት።

«ና እስቲ፣ አንተ ልጅ። ያ ቄስ የማንን ስም ነው የሚጠራው?»

«የአባቴን ነዋ።»

«ውቤ ኃይለ ሚካኤል ነበር እንዴ?»

ገሰሰ ወደ በሩ አየ፤ ቄሱ ርቀዋል።

«አንድ ጊዜ እኔና አባትህ በአንዲት በቅሎ ተጣላን» አሉ ይርጋ። «እኔ የኔ ናት እላለሁ፣ እሱ የኔ ናት ይላል። ኋላ ቄስ ፊት ቀርበን በክርስትና ስማችን ማልን። በቅሎይቱም ሁለታችንንም ረግጣ ገደል ገባችልን!»

«ታዲያ ማን ብለው ማሉ አባቴ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው ገለጡት።

«ኃይለ ሚካኤል አለመሆኑን አውቃለሁ። ሚካኤል ቢሆንማ ሞክሼዬ ነበር፤ እኔ ወልደ ሚካኤል ነኝ። የሱን ግን… አርባ ዓመት አለፈው እኮ ልጄ። የበቅሎይቱን ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።»

«የበቅሎይቱን ምን ላድርገው?»

«እመቤት ነበር ስሟ» አሉ ይርጋ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

ገሰሰ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ማሰብ አልተወም። ቄስ ማሩን ብቻቸውን ሲያገኛቸው ነገሩን የሰው አስመስሎ ጠየቃቸው።

«አባ፣ አንድ ሰው ስሙ ተሳስቶ ቢፈታ ምን ይሆናል?»

«እግዚአብሔር ልብ ያያል» አሉ ቄስ ማሩ። ትንሽ ሄዱና ዘወር አሉ። «ቢሆንም፣ በሹም ደጅ ቆመህ የሚጠራው የሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ እንዴት ብለህ ትገባለህ?»

ይህ ነገር ሆዱ ገባ። አባቱ ደጅ ላይ ቆመው ታዩት። የሚጠራው የሌላ ሰው ስም ነው፤ እሳቸውም ጥሪ ሲጠብቁ ይውላሉ። አርባቸው ኅዳር አሥራ አንድ ይውላል። ተዝካሩ ሳይወጣ ስሙ መገኘት አለበት።

አባቱ ወደኖሩባቸው አገሮች ለመሄድ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በላይነህ ነው። በላይነህ የመንደሩ ልጅ ነው፤ ከገሰሰ ጋር ከብት ያገደ፣ አብሮ ገና የተጫወተ። ገሰሰ ግን ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፊት ለፊት አይቶት አያውቅም። እንዲህ ነበር ነገሩ።

ገሰሰ ዘውዱ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ደብረ ታቦር አስተማሪ ነበር። በ1970 ጥር ላይ ወሰዱት። በአሥራ አምስት ቀኑ መሞቱ ተሰማ፤ ሬሳው አልተሰጠም። በላይነህ ከበላይ የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ መጣና ደጃፋቸው ላይ ቆሞ አነበበ። የፀረ አብዮት ልቅሶ አይለቀስም፤ ድንኳን አይጣልም፤ ጥቁር አይለበስም፤ ስሙም በጸሎት አይነሣም። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ።

አያ ውቤ ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን አውድማው ላይ ቆመው «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ገሰሰ ከቤት ሮጦ ወጥቶ ከኋላ ያዛቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን አፈነ።

«አንድ ሞቶ ስንታችንን ሊያስጨርሱ ነው? እኔም ልጆች አሉኝ!» አላቸው።

አያ ውቤ አልታገሉትም። እስኪለቃቸው ጠበቁ። ሲለቃቸው ጋቢው ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲያለቅሱ የሰማቸው የለም። ፋሲካ እንዳለፈ «ገሳይ የወፍጮ ቤት ዘበኝነት አግኝቻለሁ» ብለው ተነሡ። በየሁለት ወሩ እየመጡ ሁለት ቀን አድረው ይመለሱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ምን ዘበኛ እንዳደረጋቸው ገሰሰ አልጠየቀም። እውነቱን ለመናገር፣ በመሄዳቸው ቀለል ብሎት ነበር።

አሁን በላይነህ ፊት ቆመ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ይፋግና እብናት። በመልሴ ገሳይ። የአባቴን ዘመድ ላረዳ።»

በላይነህ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ማኅተሙን በትንፋሹ አሞቀና መታ።

«መርዶም ማኅተም ይፈልጋል ዘንድሮ» አለ። ገሰሰ እንዳልሳቀ ሲያይ አቀረቀረ። «አሥር ቀን ሰጥቼሃለሁ። ጤፍህ ሳይረግፍ ና።»

ገሰሰ መኪና ሲያገኝ በመኪና፣ ሲያጣ በእግሩ ሄደ። ይፋግ ላይ አባቱንና ይርጋን ያስማሉት ቄስ ያሉበትን ጠየቀ፤ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ከገበያው ዳር የተቀመጡ አሮጌ ነጋዴዎች ግን ውቤ ጫኝን ያውቃሉ። አሥራ ሁለት በቅሎ ይነዳ ነበር አሉ። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ አይጭንም፤ ጭነቷን ለራሱ ተሸክሞ እሷን ባዶዋን ይነዳታል አሉ። «ጅል ነበር!» አለ አንዱ። ሌላው «እሱማ ጅል ነበር፤ ግን በእሱ መንገድ አብሮት የሄደ ተዘርፎ አያውቅም» አለ። ገሰሰ አባቱ ጭነት ተሸክመው በቅሎ ሲነዱ ለማየት ሞከረ። እሱ የሚያውቃቸው አርጅተው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልነገሩትም፤ እሱም ከእርሻው ቀና ብሎ አልጠየቀም።

አያ ውቤ የተወለዱት ከእብናት በታች ቆላው ውስጥ ነው። የተጠመቁባት ቤተ ክርስቲያን በጠላት ጊዜ ተቃጥላለች። የክርስትና እናታቸው ልጅ የሺ ግን እብናት ከተማ ጠላ ትሸጣለች ተባለና ገሰሰ ጠያይቆ ደረሰባት። ስትሰማ ደረቷን ደቃች፤ አልቅሳ ስታበቃ ጠላ ቀዳችለት።

«እዚህ ግራሩ ሥር ነበር የሚቀመጥ» አለች በበሩ እያሳየች። «በቅሎዎቹ በበሽታ አልቀውበት ባዶ እጁን መጣ። ልጅ ሆኖ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሯል፤ ጽሕፈት ያውቃል። ለድኻ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ዳኛ ፊት ይቆማል። የእናቴን መሬት አጎቶቼ ነጥቀዋት ስድስት ዓመት ተሟግቶ አስመለሰላት። በግ ብንሰጠው እምቢ አለ።»

«መሬቱ አለ?»

«የታለ! ከአጎቶቼ አስጥሎ ሲሰጠን መንግሥት መጥቶ ለሁሉም አካፈለው። አጎቶቼም ደረሳቸው!» አለችና በእንባዋ መካከል ሳቀች። «ውቤ ይህን ሲሰማ ምን አለ መሰለህ? "እንግዲህ ይግባኝ የሚባለው ለማን ነው?" አለ።»

«የክርስትና ስማቸውን ታውቂዋለሽ?»

የሺ ሳቋን አቆመች።

«እናቴ ናት የምታውቀው። እሷን ደግሞ ያ ክፉ ቀን በስድሳ ስድስት ወሰዳት። ወይኔ ወንድሜ፣ ለስም ብለህ ነው ይህን ሁሉ አገር የመጣህ?»

ገሰሰ እዚያው አደረ። በማግስቱ ደጋውን ይዞ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስሙን የማግኘት ተስፋ ቆርጧል፤ ገሳይ የሚሄደው የአባቱን ድሪቶና ምንጣፍ ለማምጣት ብቻ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው። ባለቤቱ በዱቄት ነጥቶ ወጣ።

«ዘበኛ ትላለህ? ይህን ወፍጮ ማን ይሰርቀዋል! ሲያስነሡት አገር ነው የሚሰማው።»

«ውቤ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዓመት ከመንፈቅ እዚህ…»

«እኔ ዘበኛ ቀጥሬ አላውቅም» አለ ሰውየው። ከዚያ ጭንቅላቱን አከከ። «ያ እንጨት ተሸካሚው ሽማግሌ ይሆን? እላይ መድኃኔ ዓለም ጠይቅ።»

ገሰሰ ዳገቱን ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በጥድ ተከቧል። ከቅጽሩ ውስጥ የተፈለጠ እንጨት በወግ በወጉ ተደርድሮ ነበር፤ ድርድሩን ሲያየው አወቀው። ግንበኛ የደረደረው እንጨት ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተቆላልፎ ግድግዳ ሠርቷል። አባ ሙላቴ የሚባሉ አሮጌ ቄስ ከቤተልሔሙ በር ላይ ተቀምጠዋል። ገሰሰ መስቀል ተሳልሞ የአባቱን መሞት ነገራቸው። አባ ሙላቴ አማተቡ።

«እኛስ ሕመሙን አይተን ፈርተን ነበር» አሉ። «ለቤተልሔሙ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚያመጣ እሱ ነበር። በዚያ ዕድሜው! ተው ብንለው አይሰማም።»

«ለምን ነበር የሚሠሩት አባ? ደመወዝ አላቸው?»

«ደመወዝ? እኛ ራሳችን ምን አለን? ልጁ ሞቶበት መጣ። በአገሬ ስሙ አይጠራም፣ እዚህ በየቅዳሴው ይጠራልኝ አለ። በደስታ አልነው። "በነፃ አይሆንም" አለ። "እኔ ነገረ ፈጅ ነበርኩ፤ ዳኝነት ያልተከፈለበት ክስ አይከፈትም። ገንዘብ የለኝም፤ በጉልበቴ ልክፈል" አለ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ከፈለ።» አባ ሙላቴ በጣታቸው ወደ ጥዱ አመለከቱ። «ማታ ማታ ሥራውን ሲጨርስ እዚያ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። ድምፁን አውጥቶ ነው የሚያለቅሰው። መጀመሪያ ደንግጠን ነበር፤ ኋላ ለመድነው።»

ገሰሰ ጥዱን ማየት አልቻለም።

«አንተ የትኛው ልጁ ነህ?» አሉ።

«ታላቁ።»

አባ ሙላቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ስላንተም ነግሮኛል።»

«ምን አሉ አባ?»

«"ልጆች አሉት፤ ፈርቶ ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደሱ አደርጋለሁ" አለ። ይህንኑ ደጋግሞ ይለኛል፤ አንድም ቀን እኔ ሳልከስህ።»

ያኔ ነው ገሰሰ ያለቀሰው። ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎርሶ፣ ተጎንብሶ አለቀሰ። አባ ሙላቴ እስኪበቃው ጠበቁት።

«አባ» አለ በመጨረሻ። «የክርስትና ስማቸውን አናውቅም። በውሸት ስም ነው ያስፈታኋቸው።»

«ገብረ መስቀል ነው። ልጁ ወልደ ገብርኤል፣ አባቱ ገብረ መስቀል። ሁለቱንም እኔ ነኝ የምጠራቸው፤ እንዴት እረሳዋለሁ?» አሉ። ከዚያ የገሰሰን ክንድ ያዙ። «አደራ አለብኝ፣ ላንተ ልስጥህ። ሲታመም "እዚህስ ተጠራ፤ ተዝካሬ ሲወጣ ደግሞ የልጄ ስም ከኔ ቀጥሎ ይጠራልኝ። በቤቴ፣ በዘመዴ ፊት አንድ ጊዜ" ብሎኛል። ያለዚያ ምንም አልፈለገ።»

ገሰሰ «እሺ» ብሎ መስቀል ተሳለመ።

እቤቱ እንደገባ ለእናቱ ለደሳለች ሁሉንም ነገራት። ምድጃው ዳር ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ትጠራዋለህ?»

«እጠራዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«መድኃኔ ዓለምን» አላት።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ዳሱ ተጣለ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የማኅበር ጠጪው ሁሉ መጣ። ይርጋም ዳግመኛ ከይፋግ መጡ። በላይነህ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ቄስ ማሩ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ሊጀምሩ ሲሉ ገሰሰ ተነሣ።

«አባ፣ የቀብሩ ዕለት የሰጠሁዎት ስም የአባቴ አይደለም። አላውቀውም ማለት አፍሬ ነው። የአባቴ ስም ገብረ መስቀል ነው።»

ዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። አንዲት ሴት «እኔን!» አለች። ይርጋ ጭናቸውን መቱና «ገብረ መስቀል! እሱ ነው! እመቤትን ያሳጣኝ ስም!» አሉ። ቄስ ማሩ ገሰሰን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዲያ አርባ ቀን ሙሉ የማይታወቅ ሰው ስንጠራ ከርመናላ።»

«አዎ፣ አባ።»

«ይሁን። ማወቅህ ደግ ነው፣ ዛሬ ይጠራል። አብሮ የሚጠራ ሌላ ነፍስ አለ?»

ገሰሰ አፉን ከፈተ። በዚህ ጊዜ በላይነህ ድንገት ተነሣ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣለና ማንንም ሳያይ ከዳሱ ወጣ። ጥላው በዳሱ ሸራ ላይ ታየ፤ ወደ ጠባቂዎቹ ሲሄድ፣ እጁን አንሥቶ አንድ ነገር ሲላቸው። ጠባቂዎቹ ሄዱ። ሰው ሊጠሩ ነው አለ ገሰሰ በሆዱ። ልጆቹን አያቸው፤ ሦስቱም ከእናታቸው አጠገብ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወደ እናቱ ግን አልዞረም።

«ሌላስ?» አሉ ቄስ ማሩ።

«ሌላ የለም» አለ ገሰሰ።

ጸሎቱ ተጀመረ። «ነፍሰ ገብርከ ገብረ መስቀል» አሉ። ቄስ ማሩ ከዚያ ላይ ትንፋሽ ወሰዱ፤ ቀጥሎም ሌላ ስም አልመጣም። ወደሚቀጥለው አለፉ። ደሳለች ነጠላዋን ተከናንባ እስከ መጨረሻው ቀና አላለችም።

ሰው በልቶ ጠጥቶ መበተን ሲጀምር በላይነህ ተመልሶ ገባና ከቦታው ተቀመጠ። ገሰሰ ጠላ ቀዳለት። በላይነህ ዋንጫውን ተቀብሎ አልጠጣውም።

«ጠራኸው?» አለው በቀስታ።

«ማንን?»

«ማንን ትለኛለህ ደግሞ? ለምን የወጣሁ መሰለህ? እነዚያን ልጆችስ ወደ ወንዝ ምን ብዬ የላክኋቸው መሰለህ?» ግራ ቀኝ አየ። «ተቀምጬ ከሰማሁ መጻፍ አለብኝ። ካልሰማሁ አልሰማሁም። ጨርሰው እስኪጠሩት ብዬ አይደል ብርድ ላይ የቆምኩት?»

ገሰሰ ማሰሮውን እንደያዘ ቆመ። ማሰሮው ዘንበል ብሎ ጠላው እጁ ላይ ፈሰሰ። በላይነህ ፊቱን አየና ገባው።

«አይ ገሰሰ!» አለ። «አይ አንተ ሰው! ለሙት ዓመቱ በኔ ቦታ ማን ሊቀመንበር ሆኖ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?»

ገሰሰ ወደ ቄሱ ቦታ ዞረ። ባዶ ነበር። ቄስ ማሩ መጽሐፋቸውን በማኅደሩ ከተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ዳገት አጋምሰውት ነበር። ቢጮህ ይሰማሉ። አልጮኸም። በላይነህ ዋንጫውን ሳይቀምስ መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ደሳለች ከማዶ ሆና ታያቸው ነበር። ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ ልጇ መጣች።

«ምን አለህ?» አለችው።

«ምንም» አላት።